ዩቢኪቲን የተለጠፈበት ፕሮቲን ሁሉ ይፈርሳል? ስሚር አለ፣ ፕሮቲኑ ግን አይቀንስም

ሳባ_ሞለኪውል (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። የማጠናው 55 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን የኒውክሊየስ ፕሮቲን ነው። ኤችኤ የሚባል መለያ የተቀጠለበት ዩቢኪቲን (በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ እንደ ምልክት የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮቲን) ሴሎቹ ውስጥ አስገብቼ፣ ፕሮቲያሶምን (የሴሉን ፕሮቲን አፍራሽ ማሽን) የሚዘጋውን ኤምጂ132 በ10 ማይክሮሞላር ለ16 ሰዓት ሰጥቼ፣ ፕሮቲኑን በራሱ አንቲቦዲ ሳጠምደው በኤችኤ አንቲቦዲ ከ70 ኪሎዳልተን እስከ ጄሉ አናት የሚደርስ ወፍራም ስሚር (የተለያየ ክብደት ያላቸው ቅርጾች የሚፈጥሩት የተዘረጋ ጥላ) ይታያል። ስለዚህ ፕሮቲያሶም ያፈርሰዋል ብዬ ነበር። ነገር ግን አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግደውን ሳይክሎሄክሲማይድ በ100 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ጨምሬ 8 ሰዓት ብከታተለው መጠኑ ንቅንቅ አይልም።

ሁለተኛው ነገር፦ ኤምጂ132 ሳይጨመርም በፕሮቲኑ አንቲቦዲ 75 ኪሎዳልተን ላይ አንድ ቀጭን ባንድ አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ የለም።

የላይሲስ (የሴል ማፍረሻ) በፈሩ 50 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 7.5፣ 150 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1 በመቶ ትራይተን፣ 1 ሚሊሞላር ዲቲቲ እና የተለመደው የፕሮቲዬዝ መከላከያ ቅልቅል ነው። በረዶ ላይ 30 ደቂቃ ይቆያል። ስሚሩ እና ግማሽ እድሜው እንዴት ይታረቃሉ? ነጠላዋ ባንድስ ምንድን ናት?

---

ጄል_አንባቢ

ሳባ፣ ከትርጉሙ በፊት በፈሩን እናስተካክል። የሁለቱም ጥያቄዎችሽ ግማሽ መልስ እዚያ ነው።

ሴል ውስጥ ምልክት የሚለጥፉ ኤንዛይሞች እንዳሉ ሁሉ የሚፈቱም አሉ። ሰው ውስጥ ዩቢኪቲንን የሚፈቱት ብቻ ወደ 100 ይጠጋሉ፤ በላብራቶሪ ቋንቋ ዱብ የምንላቸው። ሴሉ ደህና ሳለ በየቦታቸው በቁጥጥር ሥር ናቸው። ትራይተን ሽፋኑን ባፈረሰ ቅጽበት ግን ከሁሉም ፕሮቲን ጋር ይገናኛሉ። በረዶ ያዘገያቸዋል እንጂ አያቆማቸውም፤ 30 ደቂቃ ደግሞ ለእነሱ ረጅም ጊዜ ነው። የምትጨምሪው ቅልቅል ለሌሎች ፕሮቲዬዞች የተዘጋጀ ስለሆነ እነዚህን አይነካቸውም።

አብዛኞቹ ዱቦች የሚሠሩት ሲስቲን በተባለ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ያንን ሲስቲን የሚዘጋው ኤን-ኢታይልማሌይሚድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ኔም እለዋለሁ። 50 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ንጹህ ኢታኖል ሲሟሟ 400 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚያ 50 ማይክሮ ሊትር ወስደሽ በ1 ሚሊ ሊትር በፈር ላይ ብታደርጊ 20 ሚሊሞላር አካባቢ ታገኛለሽ። በዕለቱ ይዘጋጅ፤ ውሃ ውስጥ ስለሚበላሽ፣ በተለይ ፒኤች ከ8 ሲያልፍ፣ ትናንት በፈሩ ላይ የተጨመረ ኔም ዛሬ የለም ብለሽ አስቢ። መርዛማ ነው፤ ያለ ጓንት እና ያለ ጭስ መሳቢያ አይነካም።

ዲቲቲውን አውጪው። አንዱ ዲቲቲ ሁለት ታዮል (ኔም የሚይዘው የሰልፈር ክፍል) ስላለው እያንዳንዱ ሚሊሞላር 2 ሚሊሞላር ኔም ይበላል። አንቺ ያለ ኔም ስለምትሠሪ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፦ ዲቲቲው የዱቦቹን ሲስቲን ንቁ አድርጎ ያቆይላቸዋል። በሲስቲን ሳይሆን በዚንክ የሚሠሩትን ጥቂት ዱቦች ለማቆም 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ጨምሪ።

ከሁሉም በላይ ግን ትራይተን ብቻውን ፕሮቲኖችን ከሸሪኮቻቸው አይለያይም። ያጠመድሽው ፕሮቲንሽን ከነአጃቢዎቹ ነው፤ ስሚሩ የአጃቢው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላይሲሱ እንዲህ ይሁን፦ ሴሎቹን ኔም ባለበት ቀዝቃዛ የጨው በፈር እጠቢ፣ 1 በመቶ ኤስዲኤስ (ፕሮቲኖችን የሚዘረጋ ጠንካራ ሳሙና) እና 20 ሚሊሞላር ኔም ባለበት ትኩስ በፈር 100 ማይክሮ ሊትር ላይ ሰብስቢ፣ ወዲያው 95 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አፍሊ። ዲኤንኤው እንደ ንፍጥ ያጣብቀዋል፤ በሶኒኬተር ወይም በቀጭን መርፌ ደጋግመሽ በማሳለፍ ቆራርጪው። ከዚያ 900 ማይክሮ ሊትር ትራይተን ያለበት በፈር ጨምረሽ ኤስዲኤሱን ወደ 0.1 በመቶ አውርጂ። ይህን ማሳነስ የረሳ ሰው አንቲቦዲውንም አብሮ ያፈርሰዋል፣ ምንም አያጠምድም።

---

ሰንሰለት_63

የጄል_አንባቢን እደግፋለሁ። እኔ ወደ ርዕሱ ጥያቄ ልሂድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እሱ ስለሆነ።

ዩቢኪቲን 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ 8.5 ኪሎዳልተን የሚመዝን ትንሽ ፕሮቲን ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ግላይሲኖች አሉ፤ ኢላማው ፕሮቲን ላይ ካለ ላይሲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር የሚታሰረው በመጨረሻው ግላይሲን ነው። ሥራው በሦስት ኤንዛይሞች እጅ ይቀባበላል። ኢ1 ኤቲፒ አቃጥሎ ዩቢኪቲኑን በራሱ ሲስቲን ላይ ይይዛል፣ ለኢ2 ሲስቲን ያሻግራል፣ ኢ3 ደግሞ ኢላማውን መርጦ ያስለጥፋል። ሰው ውስጥ ለዩቢኪቲን ሁለት ኢ1፣ ወደ 40 የሚጠጉ ኢ2 እና ከ600 የሚበልጡ ኢ3 አሉ። ምርጫው ያለው ኢ3 ላይ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮ እና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ይህ ምልክት ፕሮቲንን ለመፍረስ እንደሚያጭ ስላሳዩ ነው። «ዩቢኪቲን ማለት ሞት» የሚለው ልማድም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። ግኝታቸው ትክክል ነው፤ ግን የታሪኩ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው።

ዩቢኪቲን ራሱ ሰባት ላይሲኖች አሉት፦ 6፣ 11፣ 27፣ 29፣ 33፣ 48 እና 63። በእያንዳንዳቸው ላይ ሌላ ዩቢኪቲን ሊታሰር ይችላል፤ በመጀመሪያው ሜታየኒን ላይም እንዲሁ። በላይሲን 48 የተያያዘው ሰንሰለት የተጠጋጋ ቅርጽ አለው፤ በአብዛኛው ወደ ፕሮቲያሶም የሚወስደው እሱ ነው። በላይሲን 63 የተያያዘው የተዘረጋ ነው፤ የዲኤንኤ ጥገናን፣ ከሴል ሽፋን ወደ ውስጥ መወሰድን እና የምልክት ማስተላለፊያ መስመሮችን ያገለግላል። በሜታየኒን 1 የተያያዘው ቀጥተኛ ሰንሰለት ኤንኤፍ-ካፓቢ የተባለውን የምልክት መስመር ያነቃል። ላይሲን 11 በሴል ክፍፍል ወቅት ከላይሲን 48 ጋር ተቀናጅቶ ይሠራል። አንድ ነጠላ ዩቢኪቲን ብቻ ሲለጠፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመፍረስ ጋር አይገናኝም፦ ዲኤንኤ ከሚጠቀለልባቸው ሂስቶኖች አንዱ ኤች2ኤ ላይሲን 119 ላይ ሲለጠፍ ጂን ያዘጋል፣ ኤች2ቢ ላይሲን 120 ላይ ሲለጠፍ እየተነበበ ካለ ጂን ጋር ይገኛል። ምልክቱ ያው ነው፤ ቦታው ትርጉሙን ለወጠው።

ሳባ፣ ስሚርሽ የሚናገረው «ብዙ ዩቢኪቲን አለ» ብቻ ነው። በየትኛው ላይሲን እንደተያያዘ አይናገርም። የላይሲን 48 ሰንሰለት ቢሆን እንኳ ፕሮቲያሶም የሚጀምርበት ያልተጠቀለለ ጫፍ ወይም ክፍል ይፈልጋል፤ ጥቅልሉ ጥብቅ የሆነ ፕሮቲን ሰንሰለት ተሸክሞም ሊተርፍ ይችላል።

---

ጀማሪ_ባዮ

ይቅርታ፣ ምናልባት የዋህ ጥያቄ ይሆናል። ሰንሰለት_63፣ እርስዎ እንዳሉት ምልክቱ አንድ ከሆነ ሴሉ የ48ን ከ63 እንዴት ይለያል? ማን ያነበዋል?

---

ሰንሰለት_63

የዋህ አይደለም፣ ዋናው ጥያቄ ነው። የሚያነቡት ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው፤ ዩቢኪቲንን የሚይዙ ትንንሽ ክፍሎች አሏቸው። አብዛኞቹ የሚይዙት ዩቢኪቲን ላይ ኢሶሉሲን 44ን የከበበውን ውሃ የሚጠላ ገጽ ነው። አንዱ ይዞታ ሲለካ ደካማ ነው። አንባቢው ሁለት ወይም ሦስት መያዣዎች በተወሰነ ርቀት ተደርድረው ሲኖሩት ግን፣ በዚያው ርቀት የተደረደሩ ዩቢኪቲኖችን አጥብቆ ይይዛል፤ ርቀቱ የማይገጥምለትን ያልፈዋል። ላይሲን 63 የዘረጋውና ላይሲን 48 ያጠጋጋው ሰንሰለት የሚለዩት እንዲህ በልኬት ነው።

---

ሳባ_ሞለኪውል

እጅግ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። በፈሩን እቀይራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ኤምጂ132 16 ሰዓት መሆኑ ችግር አለው? የሰንሰለቱን ዓይነት ለመለየትስ የላይሲን 48 ወደ አርጊኒን የተቀየረ ዩቢኪቲን ማስገባት ይበቃል?

---

ኢ3_ሊጌዝ

16 ሰዓት በጣም ብዙ ነው። ፕሮቲያሶም ሲዘጋ ዩቢኪቲን በሰንሰለት ላይ ታስሮ ይቀራል፤ ነጻው ክምችት ይሟጠጣል። ሴሉም ከሂስቶኖች ላይ እየነቀለ ወደዚያ ይወስዳል። ከ6 ሰዓት በኋላ የምታዪው የተጨነቀ ሴል ነው። 10 ማይክሮሞላር ለ4 ሰዓት በቂ ነው። በተጨማሪም ኤምጂ132 ካልፔይን እና ካቴፕሲን የተባሉትን ፕሮቲዬዞችም ይዘጋል፤ ስለዚህ በሌላ ዓይነት መከላከያ፣ ለምሳሌ ኢፖክሶማይሲን ወይም ቦርቴዞሚብ፣ ድገሚው። በሊዞዞም የሚፈርስ መሆኑን ለማየት ደግሞ ባፊሎማይሲን ኤ1 100 ናኖሞላር።

በነጻው ክምችት ላይ ያለው ጫና ሌላም ጣጣ አለው። ዩቢኪቲን ሲያንስ ኔድ8 የተባለው የቅርብ ዘመዱ በዩቢኪቲን ኢ1 በኩል ገብቶ ያለ ቦታው ይለጠፋል። ረጅም ኤምጂ132 ተሰጥቶ የተገኘ «ኔድ8 ተለጥፎበታል» የሚል ውጤት ሁሉ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ወደ ሚውታንቱ፣ ማለትም ወደ ተቀየረው ዩቢኪቲን። ላይሲን 48ን ወደ አርጊኒን መቀየር ብቻውን አያስተማምንም፤ የሴሉ የራሱ ዩቢኪቲን አብሮ ስላለ ሰንሰለቱ የተቀላቀለ ይሆናል። ደግሞም ኤችኤው ዩቢኪቲኑ መነሻ ላይ ስለተቀጠለ የሜታየኒን 1 ሰንሰለት ሊሠራበት አይችልም። ፕሮቲንሽ የሚሸከመው ቀጥተኛውን ሰንሰለት ቢሆን ይህ ሙከራ ያሳውርሻል። በመጨረሻው ጫፍ እንቀጥል ቢባል ደግሞ ዱቦቹ ይቆርጡታል፣ ሁለቱ ግላይሲኖች ነጻ መሆን ስላለባቸው።

የሚሻለው የሴሉን የራሱን ዩቢኪቲን ማየት እና ሰንሰለቱን መራጭ በሆኑ ዱቦች መቁረጥ ነው። ፕሮቲኑን ካጠመድሽ በኋላ አንቲቦዲው የተያያዘባቸውን ዶቃዎች በስድስት ቱቦ ከፍለሽ 37 ዲግሪ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቆዪ፦ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ዩኤስፒ21 ሁሉንም የሚቆርጥ፣ አንዱ ኦቲዩቢ1 ለላይሲን 48፣ አንዱ አምሽ ለላይሲን 63፣ አንዱ ኦቱሊን ለሜታየኒን 1፣ አንዱ ሴዛን ለላይሲን 11። የትኛው ቱቦ ስሚሩን እንደሚያሳጥር ታያለሽ። የኤንዛይሙ መጠን ከበዛ መራጭነቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዓይነታቸው በሚታወቅ ንጹህ ሰንሰለቶች ላይ ቀድመሽ መጠኑን አስተካክዪ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ኔሙ በደንብ ካልታጠበ የምትጨምሪያቸውን ዱቦችም ይዘጋቸዋል፤ ከአራት እጥበት በኋላ በዚህኛው በፈር ውስጥ 5 ሚሊሞላር ዲቲቲ ይኑር፣ የቀረውን ይበላዋል። አምሽ ደግሞ በዚንክ ስለሚሠራ ከላይሲሱ የተረፈ ኢዲቲኤ ይገድለዋል። «ላይሲን 63 የለውም» የሚል ድምዳሜ የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

---

ሱሞ_ወዳጅ

እስካሁን ነጠላዋን ባንድ ማንም አልነካትም፤ እኔን ግን ከስሚሩ ይልቅ የምትስበኝ እሷ ናት።

55 ኪሎዳልተን ፕሮቲን 75 ላይ፣ ማለትም 20 ገደማ ጨምሮ፣ ያውም ኒውክሊየስ ውስጥ። አንድ ዩቢኪቲን ቢሆን 8 ገደማ ነበር የሚጨምረው። ሱሞ የተባለው ሌላ ተለጣፊ ፕሮቲን 11 ኪሎዳልተን ገደማ ቢመዝንም ጄል ላይ ከ15 እስከ 20 የጨመረ ያህል ይታያል። አንዴ የሚታይ አንዴ የሚጠፋ መሆኑም የሱሞ ጠባይ ነው፤ ሴንፕ የሚባሉት ፈቺዎቹ ፈጣኖች ናቸው፣ እነሱም በሲስቲን ይሠራሉ። ያለ ኔም ሱሞ መፈለግ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ሱሞ አሠራሩ የዩቢኪቲን ወንድም ነው፤ ግን ቤቱ ጠባብ ነው። ኢ1 አንድ፣ ኢ2 አንድ ብቻ እሱም ዩቢሲ9፣ ኢ3ዎቹም ጥቂት። ዩቢሲ9 ራሱ ኢላማውን የሚያውቅበት አጭር ቅደም ተከተል አለ፦ ውሃ የሚጠላ አሚኖ አሲድ፣ ላይሲን፣ ማንኛውም፣ ከዚያ ግሉታሜት። ፕሮቲንሽ ላይ እሱን ፈልጊ። ሁሉም የሱሞ ቦታ ይህን አይከተልም፤ ካለ ግን መነሻ ነው።

ስለ አንድ ቦታ ብዙ ምልክት ለማሰብ ከፒሲኤንኤ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዲኤንኤ ቅጂ ጊዜ ዲኤንኤውን እንደ ቀለበት የሚከብ ፕሮቲን ነው። ላይሲን 164 ላይ አንድ ዩቢኪቲን ሲለጠፍ በተጎዳ ዲኤንኤ ላይ ዘልለው የሚቀዱ ፖሊመሬዞችን ይጠራል። በዚያው ላይሲን ላይ የላይሲን 63 ሰንሰለት ሲያድግ ደግሞ ጉዳቱ በጤነኛው እህት ዲኤንኤ በኩል ይታለፋል። እርሾ ውስጥ በዚያው ቦታ ሱሞ ሲለጠፍ ኤስአርኤስ2 የተባለ ሄሊኬዝ (ዲኤንኤ ፈቺ ኤንዛይም) ይመጣና ያልተፈለገ የዲኤንኤ ውህደትን ይከለክላል። አንድ ላይሲን፣ ሦስት ምልክት፣ ሦስት የተለያየ ውጤት። በአንዳቸውም ግን ፒሲኤንኤ አይፈርስም።

---

ነጭ_ካፖርት

በመጠን ብቻ ሱሞ ነው ማለት ይከብደኛል። ኔድ8ም 9 ኪሎዳልተን ገደማ ስለሆነ ሁለት ኔድ8 ወይም ሁለት ዩቢኪቲን በዚያው ቁመት ሊወድቁ ይችላሉ። ላይሲኑ ከፕሮቲኑ መሃል ከተነሳ ቅርንጫፍ ያለው ሞለኪውል ጄል ውስጥ ከክብደቱ ጋር የማይመጣጠን ፍጥነት ይኖረዋል። የፎስፌት መለጠፍም አለ። መላምቱ ጥሩ ነው፣ ማስረጃው ግን ገና ነው።

---

ሱሞ_ወዳጅ

ትክክል ነህ፣ እቀበላለሁ። ስለዚህ የሚለዩትን ሙከራዎች ልዘርዝር።

ፈጣኑ በኢ1 መከላከያዎች ነው። ሦስት ሳህን፦ ታክ-243 ዩቢኪቲንን፣ ኤምኤል-792 ሱሞን፣ ፔቮኔዲስታት ኔድ8ን ያቆማሉ። እያንዳንዳቸው በ1 ማይክሮሞላር ለ4 ሰዓት። ባንዷ በየትኛው እንደጠፋች ማየት ነው። እያንዳንዱ መከላከያ መሥራቱን የሚያሳይ የራሱ ማነጻጸሪያ ይኑረው፦ ለታክ-243 የኤች2ኤ ነጠላ ዩቢኪቲን መጥፋት፣ ለፔቮኔዲስታት ኔድ8 የሚለጠፍበት የኩሊን ፕሮቲን የላይኛው ባንድ መጥፋት፣ ለኤምኤል-792 የጠቅላላ ሱሞ2/3 (የሱሞ ዓይነቶች) ስሚር መጥፋት።

ላይሲሱ ሱሞን ማቆየቱን ለማወቅ ራንጋፕ1 ለተባለው ሱሞ ተሸካሚ ፕሮቲን ብሎት (በአንቲቦዲ የጄል ንባብ) አድርጊ። ያለ ሱሞ 70፣ ከሱሞ1 ጋር 90 ኪሎዳልተን ላይ ይታያል፤ በጤነኛ ሴል ውስጥ ትልቁ ድርሻ 90ው ነው። የ90ው ባንድ ከሳሳ ኔምሽ አልሠራም፣ ሌላውን ውጤት አታንብቢ። ለሱሞ2/3 ደግሞ ሴሎቹን 43 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ማሞቅ ስሚሩን በግልጽ ይጨምረዋል።

ቦታውን ለማረጋገጥ ሁሉም ሰው ላይሲኑን ወደ አርጊኒን ይቀይራል። እኔ እሱን ብቻ አላምንም። ላይሲን ላይ ዩቢኪቲን፣ አሴታይል፣ ሜታይል ሁሉ ይቀመጣሉ፤ ላይሲኑን ስታጠፊ ሁሉንም አብረሽ ታጠፊያለሽ። ከላይሲኑ በሁለተኛው ቦታ ያለውን ግሉታሜት ወደ አላኒን ቀይሪው። ላይሲኑ ይቀራል፣ ዩቢሲ9 ግን አያውቀውም። ሁለቱ ሚውታንቶች አንድ ዓይነት ውጤት ከሰጡ ያን ጊዜ ስለ ሱሞ መናገር ትችያለሽ።

---

ማስ_ስፔክ

ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሪ (የፕሮቲን ቁርጥራጮችን በክብደት መለያ ዘዴ) ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያ።

ትሪፕሲን (ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም) ዩቢኪቲንን ከአርጊኒን 74 በኋላ ሲቆርጠው ኢላማው ላይሲን ላይ ሁለት ግላይሲን ይቀራሉ፤ ክብደታቸው 114.043 ዳልተን ነው። ሲስቲን ለመዝጋት በተለምዶ የሚጨመረው አዮዶአሴታሚድ ግን በአንድ ላይሲን ላይ ሁለት ጊዜ ሲቀመጥ 57.0215 ሲደመር 57.0215፣ ማለትም ያንኑ 114.043 ይሰጣል። የአቶሞቹ ዓይነትና ቁጥር ያው ስለሆነ የትኛውም ጥራት ያለው መሣሪያ በክብደት አይለያቸውም። ክሎሮአሴታሚድ ተጠቀሙ፣ በክፍል ሙቀት። ዩሪያ ካለም አታሙቁ፤ ከ37 ዲግሪ በላይ ላይሲኖችን ያበላሻል።

ሁለተኛ፣ ኔድ8 እና አይኤስጂ15 የተባለው በኢንተርፌሮን የሚመረተው ምልክትም በትሪፕሲን ያንኑ ሁለት ግላይሲን ይተዋሉ። በተለይ ሴሎቹ ኢንተርፌሮን ካገኙ ይህን ማስታወስ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ትሪፕሲን የተለጠፈበትን ላይሲን አይቆርጥም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ምልክቱን የፔፕታይዱ የመጨረሻ ላይሲን ላይ ካስቀመጠው በአብዛኛው ስህተት ነው፤ ከዝርዝሩ አውጡት።

የሱሞ ነገር ይለያል። የሰው ሱሞ በትሪፕሲን ሲቆረጥ ረጅም ጅራት ይተዋል፤ የፔፕታይዱን ስብርባሪ ስለሚያወሳስብ ተራ ፍለጋ አያገኘውም። ሰዎች ጫፉ አጠገብ መቁረጫ ቦታ የተጨመረበት ሚውታንት ሱሞ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

---

ኢ3_ሊጌዝ

በቱቦ ውስጥ መልሶ መገንባት ለሚፈልግም ቁጥሮቹን ላስቀምጥ። ለዩቢኪቲን፣ 30 ማይክሮ ሊትር ውስጥ፦ ትሪስ ወይም ሄፔስ 50 ሚሊሞላር ፒኤች 7.5፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 5 ሚሊሞላር፣ ኤቲፒ 2 ሚሊሞላር፣ ኢ1 100 ናኖሞላር፣ ኢ2 1 ማይክሮሞላር፣ ኢ3 ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮሞላር፣ ኢላማው 1 ማይክሮሞላር፣ ዩቢኪቲን 50 ማይክሮሞላር፤ ይህም 13 ማይክሮግራም ገደማ ነው። 37 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት፣ በ0፣ 10፣ 30 እና 60 ደቂቃ ናሙና ይወሰድ። ለሱሞ ከ10 ማይክሮሞላር ሱሞ ጋር ዩቢሲ9 ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ያለ ኢ3 ይሠራል።

ምንም ካልታየ መጀመሪያ ኤቲፒውን ተጠራጠሪ፦ ሳይስተካከል የሟሟ ኤቲፒ አሲድ ስለሆነ የቱቦውን ፒኤች ያወርደዋል፣ ወደ 7 አስተካክለሽ በትንሽ በትንሹ ከፍለሽ አቀዝቅዢው። ቀጥሎ ኢ1 እና ኢ2 ብቻቸውን ከዩቢኪቲን ጋር 5 ደቂቃ አቆይተሽ ያለ ዲቲቲ በጄል አስኪጂ። ኢ2 በ8 ኪሎዳልተን ከፍ ያለ ባንድ ካሳየ፣ ዲቲቲ ሲጨመር ደግሞ ከጠፋ፣ ታዮኤስተሩ (የኢ2 ሲስቲንና የዩቢኪቲን ትስስር) ተሠርቷል ማለት ነው፤ ችግሩ ኢ3 ላይ ወይም ኢላማው ላይ ነው።

በተቃራኒው በጣም ብዙ ስሚር ከታየ አትደሰቺ። አብዛኞቹ ኢ3ዎች በቱቦ ውስጥ ራሳቸው ላይ ይለጥፋሉ። ኢላማ የሌለበት ቱቦ አብሮ ካልሄደ፣ በዩቢኪቲን አንቲቦዲ ያየሽው የኢ3ው ይሁን የኢላማው አይታወቅም። ብሎቱን በኢላማው አንቲቦዲ አንብቢው። ላይሲኖቹ ሁሉ ወደ አርጊኒን የተቀየሩበት ዩቢኪቲንም ይኑር፤ በእሱ የሚቀረው መሰላል ያለ ሰንሰለት በብዙ ላይሲን ላይ የተቀመጡ ነጠላዎች ነው።

---

ሳባ_ሞለኪውል

ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ። በትኩስ ኤስዲኤስ እና በኔም፣ ኤምጂ132 በ4 ሰዓት፣ ያለ ኤችኤ-ዩቢኪቲን፦ ስሚሩ በጣም ቀጥኗል፤ የቀረውን ኦቲዩቢ1 አልነካውም፣ አምሽ ግን አሳጥሮታል። 75ቷ ባንድ በሦስቱም ድግግሞሽ ወጥታለች። ታክ-243 እና ፔቮኔዲስታት አልነኳትም፣ ኤምኤል-792 አጥፍቷታል። ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ የዩቢሲ9 ቦታ አለ፤ የላይሲኑም የግሉታሜቱም ሚውታንት ባንዷን አይሰጡም። ራንጋፕ1 90 ላይ ጠንካራ ነው። ባንዷ ግን ከጠቅላላው ፕሮቲን ከ5 በመቶ አትበልጥም። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሥራ ይኖረዋል?

---

ሱሞ_ወዳጅ

ይኖረዋል፤ ለሱሞ ይህ የተለመደ መጠን ነው። ሱሞ ይለጠፋል፣ ፕሮቲኑ ከሸሪኩ ጋር ውስብስብ ይገባል፣ ሱሞው ይነሳል፣ ውስብስቡ ግን ይቀራል። በአንድ ቅጽበት 5 በመቶ የሚታየው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ሞለኪውሎች አዳርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ትተሽ ውጤቱን ለኪ። የሴሉን የራሱን ጂን አርመሽ ግሉታሜቱን ወደ አላኒን የቀየርሽበት መስመር ሥሪ፤ ከመጠን በላይ የተመረተ ሚውታንት ከጤነኛው ጋር ሲደባለቅ ልዩነቱን ይሸፍናል። ፕሮቲኑ ኒውክሊየስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ እና ከማን ጋር እንደሚጠመድ ከጤነኛው ጋር አነጻጽሪ።

ሱሞን ከፕሮቲኑ ጋር በቀጥታ ቀጥሎ መግለጽ እንደ አቋራጭ ይሠራበታል፤ ግን ያ ምልክት አይነሳም፣ ከጫፍ እንጂ ከላይሲኑ አይወጣም። እንደ ተጨማሪ ብቻ ተጠቀሚበት። ካደረግሽው ሴንፕ እንዳይቆርጠው የሱሞውን ሁለት ግላይሲኖች አስወግጂ።

---

ሰንሰለት_63

አንድ ነገር ልጨምር። ላይሲን 63 ስሚሩ እና ሱሞው ግንኙነት ይኑራቸው አይኑራቸው አሁን መፈተሽ ይቻላል። አርኤንኤፍ4 የሚባል ኢ3 የሱሞ ሰንሰለትን አንብቦ በላዩ ዩቢኪቲን ይለጥፋል። አርሴኒክ ትሪኦክሳይድ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ውስጥ ፒኤምኤል-ራራ የተባለውን ፕሮቲን የሚያስወግደው በዚሁ መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ሱሞ፣ ቀጥሎ ዩቢኪቲን፣ ከዚያ ፕሮቲያሶም። ያንቺ ፕሮቲን ስለማይፈርስ ያው ነው አልልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይፈተሽ። የግሉታሜቱ ሚውታንት ላይ የላይሲን 63 ስሚሩ ከቀነሰ ሱሞው ቀዳሚ ነው። ሳይቀየር ከቀረ ሁለቱ ምልክቶች በየፊናቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ የዩቢኪቲኑን ቦታ ለብቻው በማስ ስፔክ ማግኘት ያስፈልጋል።

---

ሳባ_ሞለኪውል

ሚውታንቱ ዶቃ ላይ ስላለኝ አምሽ እና ኦቲዩቢ1 ነገ ይሠራበታል። ኢዲቲኤውን አምስት ጊዜ አጥባለሁ።

---

ኢ3_ሊጌዝ

በመጨረሻው እጥበት ላይ በፈሩን ያለ ኢዲቲኤ ቀይሪው፣ ያለበለዚያ አምስት ጊዜ ማጠቡ ዋጋ የለውም። ከአምሽ ጎንም ንጹህ የላይሲን 63 ሰንሰለት አንድ ቱቦ አስቀምጪ፤ እሱ ካልተቆረጠ የሚውታንቱን ጄል አታንብቢ።